ስልክ ላይ የሚፈርስ ገጽ፣ የሚጋደም ፊደልና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ እትም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። አራቱም የድረ ገጽን መልክ ስለምንሠራበት ስለ ሲኤስኤስ ናቸው። የትዕዛዞቹን ስም ስንጠራቸው እንደሚሰሙት እጽፋለሁ፤ ኮዱ ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አክስቴ አጂፕ አካባቢ ላላት ፔንሲዮን ድረ ገጽ እየሠራሁላት ነው። በላፕቶፕ ሳየው ያምራል፤ በስልክ ሲከፈት ግን ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ የክፍሎቹ ፎቶዎችም ይደራረባሉ። በአፋን ኦሮሞ የሠራሁት ገጽ ደግሞ ይብሳል፤ ጽሑፉ ከበተኑ አልፎ ይወጣል። የተማርኩት ጓደኛዬ በፍላሽ ከሰጠኝ የቆዩ ቪዲዮዎች ነው፤ ሁሉንም በፍሎትና በፒክስል ነው የሠራሁት። ልጆቹ “ቡትስትራፕ የሚባለውን ዝግጁ የሲኤስኤስ ስብስብ ተጠቀምና ተገላገል” ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ ላንተም ለአክስትህም ሰላምታዬ ይድረስ። ቡትስትራፕን ለጊዜው አቆየው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ያው ሲኤስኤስ ስለሆነ፣ ሲበላሽብህ የምታስተካክለው ሲኤስኤስን ካወቅህ ነው። አምስት ክፍል ለሚያስተዋውቅ ገጽም ያን ያህል ፋይል ማስጫን የእንግዳውን ፓኬጅ መብላት ይሆናል።

የተማርክባቸው ቪዲዮዎች ፍሎት ዋናው መላ በነበረበት ዘመን የተቀረጹ መሆን አለባቸው። ፍሎት የመጣው ጽሑፍ በፎቶ ዙሪያ እንዲፈስ ነው። ዓምድ የሚሠራበት ሌላ ደህና መንገድ ስላልነበረ ባለሙያው ሁሉ ገጹን በእሱ ይገነባ ነበር። ኖርዌያዊው ሆኮን ቪዩም ሊ የሲኤስኤስን ሐሳብ ያቀረበው በ1994 ነው፤ የመጀመሪያው ደረጃ በዲሴምበር 1996 ጸደቀ። ለገጽ አቀማመጥ ታስቦ የተሠራው ግሪድ ግን በክሮም፣ በፋየርፎክስና በሳፋሪ የገባው በማርች 2017 ነው። ቪዲዮዎችህ የያዙት በመካከል የነበረውን የ20 ዓመት መላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ዋና ነገር፣ ማን ይለካል የሚለው ነው። ድሮ የእያንዳንዱን ሳጥን ስፋት ለክተን የምናዝዘው እኛ ነበርን። ዛሬ “ከዚህ አትነስ፣ ከዚህ አትብለጥ፣ የቀረውን ተካፈሉት” ብለን ደንብ እናወጣለን፤ ልኬቱን ብራውዘሩ ይሠራዋል። ይህ ደግሞ ለእኛ ለጅማ ሰዎች በተለይ ይጠቅመናል፤ ገጻችን በሁለት ቋንቋ ይናገራልና። በአማርኛ ተነባቢውን ከነአናባቢው በአንድ ፊደል እንጽፋለን። ቁቤ ረጅሙን አናባቢ በሁለት ፊደል ይጽፋል፣ የሚጠብቀውንም ድምፅ ይደርባል። አንዱ መልእክት በሁለቱ ቋንቋ እኩል ቦታ አይወስድም። በአማርኛው ልክ 120 ፒክስል ያደረግኸው በተን ቁቤውን አልችል ያለው ለዚህ ነው። ዊድዙን፣ ማለትም ስፋቱን፣ አጥፋና ፓዲንግ (በጽሑፉና በጠርዙ መካከል የሚተው ቦታ) ስጠው፤ ከላይና ከታች 0.75 ሬም፣ ከግራና ከቀኝ 1.25 ሬም ይበቃዋል፤ ሬም የገጹ መሠረታዊ የፊደል ልክ ነው። በተኑ የተጻፈበትን ያህል ራሱ ይሰፋል።

አሁን ወደ ገጽህ እንግባ። መጀመሪያ የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል አናት ላይ ቪውፖርት የሚለው የሜታ መስመር መኖሩን እይ። ከሌለ ስልኩ ገጹን አብዛኛውን ጊዜ 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ አሳንሶ ያሳየዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትለፋው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ለሁሉም ኤለመንት ቦክስ-ሳይዚንግን ቦርደር-ቦክስ አድርግ። ይህ ካልተደረገ 300 ፒክስል ያልከው ሳጥን፣ በሁለቱ ጎን 20 ፒክስል ፓዲንግና 1 ፒክስል ቦርደር ሲጨመርበት 342 ይሆናል። “ሒሳቤ ትክክል ሆኖ ለምን አልገጠመም” እያለ የሚጨነቅ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የተያዘው እዚህ ነው። ፎቶዎቹ ላይ ማክስ-ዊድዝ 100 ፐርሰንት፣ ሃይት ኦቶ በል።

ወደ ጎን የሚያንሸራትተውን ለማግኘት ለሁሉም ኤለመንት 1 ፒክስል ቀይ አውትላይን ስጥና በስልክ ስፋት እየው። አውትላይን ቦታ ስለማይወስድ አቀማመጡን አይነካም፤ ከጠርዝ ያለፈው ሳጥን ወዲያው ይታይሃል። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ዋናው መጠቅለያ ላይ የተጻፈ 1200 ፒክስል ነው። አለዚያም ረጅም የኢሜይል አድራሻ ነው፤ ነገሮችን በአንድ አቅጣጫ በሚደረድረው ፍሌክስቦክስ ውስጥ ያለ ሳጥን በራሱ ከረጅሙ ቃሉ በታች አይጠብም። ለእሱ ሚን-ዊድዝ 0 እና ኦቨርፍሎው-ራፕ ኤኒዌር ስጠው።

የክፍሎቹን ካርዶች ደግሞ ፍሎቱን ሙሉ በሙሉ አንስተህ በግሪድ ሥራ። ዲስፕሌይ ግሪድ፣ ጋፕ 1 ሬም፣ ከዚያ በግሪድ-ቴምፕሌት-ኮለምንስ ላይ አንድ መስመር፦ ሪፒት፣ በውስጡ ኦቶ-ፊል፣ ቀጥሎ ሚንማክስ፤ የሚንማክሱ ትንሹ ልክ ከ100 ፐርሰንትና ከ16 ሬም የሚያንሰው፣ ትልቁ 1 ኤፍአር (ከተረፈው ቦታ አንድ ድርሻ)። በአማርኛ ሲነበብ “እያንዳንዱ ካርድ ከ16 ሬም አይነስ፤ ስክሪኑ ራሱ ከዚያ ከጠበበ ስክሪኑን ያክል፤ የተረፈውን ቦታ እኩል ተካፈሉ” ማለት ነው። 16 ሬም በተለመደው ልክ 256 ፒክስል ነው። 360 ፒክስል በሆነ ስልክ ላይ አንድ ካርድ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል፤ 1366 በሆነ ላፕቶፕ ላይ ከግራና ከቀኝ 16 ፒክስል ብትተው አራት ይደረደራሉ። አንድም ሚዲያ ኩዌሪ፣ ማለትም ለየስክሪኑ ስፋት የሚጻፍ የተለየ ደንብ፣ አልጻፍክም። ብዙ መጻሕፍት በኦቶ-ፊል ቦታ ኦቶ-ፊት ይጽፋሉ፤ ሁለት ክፍል ብቻ ባለበት ገጽ ኦቶ-ፊት ሁለቱን ካርድ እስከ ጠርዝ ይለጥጣቸዋል፣ ፎቶውም ከልክ በላይ ይገዝፋል። ለፔንሲዮን ኦቶ-ፊል ይሻላል ባይ ነኝ።

ፍሌክስቦክስን ላይኛው ሜኑ ላይ፣ ስልክ ቁጥሩና በተኑ ጎን ለጎን የሚቆሙበት ላይ ተጠቀምበት። በአንድ አቅጣጫ የሚደረደር ነገር የእሱ ነው፤ ረድፍና ዓምድ አብረው መግጠም ሲኖርባቸው ግሪድ ነው። ፍሌክስ-ራፕን አትርሳ፣ አለዚያ ሜኑው በጠባብ ስክሪን ወደሚቀጥለው መስመር አይወርድም።

የርዕሱን የፊደል መጠን በክላምፕ ጻፈው፤ ትንሹ 1.5 ሬም፣ መካከለኛው 1 ሬም ሲደመር 3 ቪደብሊው (የስክሪኑ ስፋት 3 መቶኛ)፣ ትልቁ 2.75 ሬም። በ360 ፒክስል ስልክ ወደ 27 ፒክስል ይሆናል፤ በላፕቶፕህ 44 ላይ ይቆማል። መካከለኛው ላይ ሬሙን አትተው፤ በቪደብሊው ብቻ የተጻፈ ርዕስ ተጠቃሚው ገጹን ሲያጎላው በሚገባ አያድግም።

ስለ ቀለም አልጠየቅኸኝም፣ ግን ስልኩን ይዘህ በእኩለ ቀን መንገድ ላይ ውጣና ገጽህን ክፈተው። እንግዳው ፔንሲዮኑን የሚፈልገው ከመናኸሪያ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ነው። ነጭ ላይ የተጻፈ ፈዛዛ ግራጫ በዚያ ፀሐይ አይነበብም። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው በጽሑፉና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የንጽጽር መጠን ቢያንስ 4.5 ለ1 ነው፤ የፋየርፎክስና የክሮም የገንቢ መሣሪያዎች ቁጥሩን ያሳዩሃል።

ጥያቄ፦ ሄርማታ መርካቶ አጠገብ ማተሚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ አቀናብራለሁ። ፊደል ማሳመር ሥራዬ ነው፤ አሁን ድረ ገጽ መማር ጀምሬያለሁ። አማርኛው ግን ያናድደኛል። መስመሮቹ ይጣበቃሉ፣ አጽንኦት የሰጠሁበት ቃል ተጋድሞ ያስጠላል፣ በአንዱ ኮምፒውተር ያየሁት ፊደል በሌላው ሌላ ነው። ሲኤስኤስ ለላቲን ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ለኅትመት ገጽ ከሚያቀናብረው ከፔጅሜከር ነው፤ ስለዚህ ንዴትሽ ይገባኛል። ደግሞም ያንቺ ዓይን ከብዙ ፕሮግራመር ይልቅ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው። ሲኤስኤስ ለእኛም ፊደል ይሠራል፤ የምናገኛቸው ምሳሌዎች ግን በላቲን ልክ የተጻፉ ስለሆኑ ቁጥሮቹን እንዳሉ መገልበጥ የለብንም።

ፊደሉ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚለያየው ፎንት ሳትልኪ ስለቀረሽ ነው። የአሁኑ ዊንዶውስ ኤብሪማን ያወጣል (የቀድሞው ኒያላን ነበር)፣ የማኩ ከፋን፣ ስልኩ ደግሞ ሌላ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የሚገኙ ናቸው። አንዱን ለድረ ገጽ ተጨምቆ በሚቀመጥበት በዎፍ2 መልክ አድርጊና በፎንት-ፌስ ጫኚው። እዚያው ዩኒኮድ-ሬንጅ የሚል መስመር ጨምሪ፤ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለው ክልል የአማርኛችንን ፊደላት፣ ነጥቦችና አኃዞች ይይዛል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ በቁቤ ብቻ የተጻፈ ገጽ የከፈተ ሰው ብራውዘሩ የግዕዙን ፎንት ከነጭራሹ አያወርድበትም። ፎንት-ዲስፕሌይን ስዋፕ ካደረግሽው ደግሞ ኔትወርኩ በዘገየ ጊዜ ጽሑፉ ወዲያው በስልኩ ፊደል ይነበባል፣ ያንቺው ሲደርስ ይተካዋል።

የተጋደመው ነገር ብራውዘሩ ራሱ የፈጠረው ነው። በተለመዱት የግዕዝ ፎንቶች ውስጥ ኢታሊክ የሚባል ለብቻ የተሣለ ፊደል የለም፤ አጽንኦት የሚያመለክተው ኢም የሚለው ታግ ሲመጣ ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያዘነብለዋል። ፎንት-ሲንተሲስ ነን በይና አስቁሚው። ታጉን ግን አታንሺው፤ ትርጉም አለው። መልኩን ብቻ ለውጪ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት ስላለው መጠነኛ ውፍረት መስጠት ይቻላል። እኔ የምመርጠው ቀይ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችን የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፉ ኖረዋል፤ አጽንኦት የምንሰጥበት የራሳችን ወግ እያለን የላቲኑን ዘንበል ማለት መዋስ አያስፈልገንም። ጠቆር ያለ ቀይ ምረጪ፣ ለዓይን እንዳይከብድ፤ ሊንክ እንዳይመስልም ሊንኮችሽን በመስመር ለዪአቸው።

ለመስመሩ መጣበቅ ላይን-ሃይት 1.7 ወይም 1.8 ሞክሪ። ፊደላችን እንደ ላቲን ትንሽና ትልቅ የለውም፤ ሁሉም ወደ አንድ ቁመት ይሞላሉ፣ ስለዚህ 1.4 ላይ ገጹ ይጠቁራል። ይህን ለአማርኛው ብቻ ለመስጠት ኤችቲኤምኤሉ ላይ ላንግ የሚለውን በትክክል ሙዪ፤ ለአማርኛ ኤኤም፣ ለአፋን ኦሮሞ ኦኤም። ከዚያ ሲኤስኤሱ ውስጥ ላንግ በሚለው ሴሌክተር (ደንቡ የሚመለከተውን በሚመርጠው ክፍል) ሁለቱን ለየብቻ ታለብሻቸዋለሽ። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ቋንቋ ተቀላቅሎ ሲመጣ ለውጡን ታዪዋለሽ።

የመስመር ርዝመትን በተመለከተ “65 ሲኤች” የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታነቢያለሽ። ሲኤች የሚለካው በዜሮ አኃዝ ስፋት ነው፤ የእኛ ፊደል ከዚያ ይሰፋል። ለአማርኛ በሬም መለካት ይሻላል፤ እኔ 36 ሬም አካባቢ ላይ አቆማለሁ። ጀስቲፋይ ማድረግን ደግሞ በስልክ ላይ ተዪው። ቃሎቻችን ከፊትም ከኋላም እየተቀጠሉ ስለሚረዝሙ በጠባብ ዓምድ ውስጥ በቃላት መካከል ትልልቅ ቀዳዳ ይፈጠራል። በማተሚያ ቤት እጅሽ ያስተካክለው የነበረውን ብራውዘሩ አያስተካክለውም። አራት ነጥብንም እንደ አንድ ምልክት ጻፊው፣ ከፊቱም ስፔስ አትተዪ፤ ስፔስ ካለ ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር ራስ ይወርዳል።

ደስ የሚልሽን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ። ተራ ቁጥር ባለው ዝርዝር ላይ ሊስት-ስታይል-ታይፕን ኢትዮፒክ-ኑመሪክ ብትዪው ዝርዝሩ በ፩፣ ፪፣ ፫ ይቆጠራል። ይህ የድረ ገጽ ደረጃዎችን በሚያወጣው በደብሊው3ሲ የሲኤስኤስ ደረጃ ውስጥ በስሙ የተጻፈ ነው። ብራውዘሩ ባያውቀው በ1፣ 2፣ 3 ይቆጥራል እንጂ አይበላሽም። ሲኤስኤስ ለላቲን ብቻ ነው ወይ ላልሽው መልሴ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ነኝ። ገጻችንን የሚከፍቱት ከአጋሮና ከሊሙ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ስልካቸው አሮጌ ነው። ኮንቴይነር ኩዌሪ፣ ሃዝ፣ ኔስቲንግ የሚባሉ አዳዲስ ነገሮች መጥተዋል ይባላል። ልማራቸው ወይስ ስልኮቹ እስኪታደሱ ልጠብቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይጠብቁ። ሲኤስኤስ የማያውቀውን ትዕዛዝ ዘሎ ይቀጥላል፤ እንደ ጃቫስክሪፕት ስህተት አግኝቶ አይቆምም። ስለዚህ መጀመሪያ የቆየውን ይጽፋሉ፣ ከሥሩ አዲሱን ያስከትላሉ፤ አሮጌው ስልክ የመጀመሪያውን ይወስዳል፣ አዲሱ ሁለተኛውን። በሁለቱም ላይ ዋጋውና ስልክ ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ መልኩ አንድ መሆን የለበትም። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ቦታ ነው፦ በኮማ በተያያዙ ሴሌክተሮች መካከል አንዱን ብራውዘሩ ካላወቀው ደንቡን በሙሉ ይጥለዋል። ሃዝን ለብቻው ይጻፉት።

ደግሞ “አሮጌ ስልክ” የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድሮይድ ላይ ክሮም ከስልኩ ሥርዓት ተለይቶ ይታደሳል። አንድሮይድ 7 ያለው ስልክ እስከ ክሮም 119 ድረስ ይሄዳል፤ ኮንቴይነር ኩዌሪና ሃዝ በክሮም የገቡት ደግሞ በ105ኛው፣ በ2022 ነው። ባለቤቱ ክሮምን ካደሰው አዲሱ ሲኤስኤስ በእጁ አለ። በአይፎን ነገሩ ይገለበጣል፤ ብራውዘሩ ከሥርዓቱ ጋር የታሰረ ነው። አይፎን 7 በአይኦኤስ 15 ላይ ቆሟል፤ ሃዝን ያውቃል፣ ኮንቴይነር ኩዌሪን ግን አያውቅም። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተቀናብሮ ተጨምቆ ስለሚመጣ ብዙውን ነገር ይተወዋል። ለእሱ ጽሑፉ በትክክለኛ ቅደም ተከተል በኤችቲኤምኤሉ ውስጥ መቀመጡ ነው ዋስትናው።

ከሦስቱ መጀመሪያ ኮንቴይነር ኩዌሪን ይማሩ። ሚዲያ ኩዌሪ የሚጠይቀው ስክሪኑ ምን ያህል ይሰፋል ብሎ ነው፤ ኮንቴይነር ኩዌሪ ግን “የተቀመጥኩበት ቦታ ምን ያህል ይሰፋል” ይላል። የቀኑ ዋጋ ካርድዎ መነሻ ገጹ ላይ በሰፊው ይቀመጣል፣ ሌላው ገጽ ላይ ደግሞ በጎን ባለው ጠባብ ዓምድ። ወላጁን ሳጥን ኮንቴይነር-ታይፕ ኢንላይን-ሳይዝ ያድርጉትና “ከ24 ሬም ስትሰፋ ፎቶውና ዋጋው ጎን ለጎን ይሁኑ” ይበሉ። አንድ ካርድ ለሁለቱም ቦታ ይበቃል፤ የማያውቀው ስልክ ፎቶውን ከላይ፣ ዋጋውን ከታች ያሳያል፤ ያም ደህና ነው።

ሃዝ ወላጅን በልጁ ሁኔታ ለመምረጥ ነው። በመመዝገቢያ ፎርም ላይ የስልክ ቁጥሩ ሳጥን በትክክል ካልተሞላ፣ ሳጥኑን ከነመለያ ጽሑፉ የያዘውን ክፍል በሙሉ በቀይ መክበብ ይቻላል፤ ድሮ ለዚህ ጃቫስክሪፕት ያስፈልግ ነበር። በፋየርፎክስ የገባው በዲሴምበር 2023 ነው። ኔስቲንግ፣ አንዱን ደንብ በሌላው ውስጥ መጻፍ፣ ለጸሐፊው ምቾት የመጣ ስለሆነ በእርስዎ ሁኔታ አልቸኩልበትም። ብራውዘሩ ካላወቀው በውስጥ የተጻፉት ደንቦች ይጠፋሉ፣ እርስዎ ያተረፉት ደግሞ ጥቂት መስመር መጻፍን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጅሬን ሰፈር የምኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሲኤስኤስ መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ ፓኬጅ የለኝም፣ መብራትም ይጠፋል። ያለ ኢንተርኔት መማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ የኔ ልጅ። ሲኤስኤስ ለመጻፍ የሚያስፈልግሽ የጽሑፍ ማረሚያና ብራውዘር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ኢንተርኔት ባገኘሽ ቀን ዴቭዶክስ የሚባለውን ገጽ ክፈቺና የሲኤስኤስንና የኤችቲኤምኤልን ሰነድ ለኦፍላይን አስቀምጪ፤ ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ትዕዛዝ ማብራሪያ ኮምፒውተርሽ ላይ አለ። ፋየርፎክስን ጫኚ፤ ኤፍ12 ስትጫኚ የሚከፈተው መሣሪያ ግሪዱንና ፍሌክስቦክሱን በመስመር እየሣለ ያሳየሻል፣ ቁጥሩን እዚያው ለውጠሽ ውጤቱን ታያለሽ። የሠራሽውን በስልክ ለማየትም ዳታ አይፈልግም። የስልክሽን ሆትስፖት ከፍተሽ ላፕቶፑን አገናኚ፣ ዳታውን አጥፊው፣ ላፕቶፑ ላይ ቪኤስ ኮድ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ፣ ኢንተርኔት ባገኘሽ ቀን ያስገባሽውን ላይቭ ሰርቨር የሚባል ተጨማሪ አስነሺና የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ ከነፖርት ቁጥሩ በስልኩ ብራውዘር ጻፊ። ካልከፈተልሽ የዊንዶውሱ ፋየርዎል ከልክሎት ይሆናል፤ ለቪኤስ ኮድ ፍቀጂለት። የመጀመሪያ ሥራሽን የትምህርት ቤትሽን የፈተና ፕሮግራም በግሪድ በመሥራት ጀምሪ፣ ቀኖቹ በዓምድ፣ ሰዓቶቹ በረድፍ፤ ስትጨርሺ ላኪልኝና አብረን እናየዋለን።